ውሃው እዚህ ድረስ ነበር

ሳሎኔ ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶ ተሰቅሏል። ከፊት የላሞችና የበሬዎች ጀርባ ይታያል። ከኋላቸው ጉም አለ። ከጉሙ ውስጥ ክንፋቸውን የዘረጉ ረጃጅም ወፎች እየተነሱ ነው። ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ያየዋል። ከዚያ «ይሄ የት አገር ነው?» ይለኛል። ፎገራ ነው ስለው ቶሎ አያምነኝም። ፎገራን ሰው የሚያውቀው በሩዙና በከብቱ ነው።

እስቲ ዛሬ ከነታሪኩ ልጻፈው።

ጊዜው ጥር 2011 ነው። ጥምቀት ካለፈ ሁለተኛው ሳምንት። አራት ነን። እኔ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ካሜራ ከያዝኩ ያኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። አንዷ የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ዶክተር ነው የምንላት። ወፉን ሳታየው በድምፁ ትለየዋለች። አንዱ የሰርግ ቪዲዮ ያነሳል። መኪናው የሱ ነው፤ አሮጌ ላንድክሩዘር። አራተኛው ወረታ ተወልዶ ያደገ የሒሳብ መምህር ነው። ጉዞውን ያመጣው እሱ ነው።

አንድ እሑድ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን ስለ ወፍ ስናወራ ዝም ብሎ ሲሰማን ቆየና «እናንተ ዝዋይ ትላላችሁ፣ ሐዋሳ ትላላችሁ። እኛ አገር በጥር ሰማዩ በወፍ ይጠቁራል። ወላላ የሚባል ውሃ አለ» አለን። ወላላ ሲል እኔ ማር ነው የታሰበኝ። ረግረግ ነው። ከወረታ ከተማ ወደ ጣና በሚዘልቀው የፎገራ ሜዳ ላይ ወላላና ሸሸር የሚባሉ ሁለት ረግረጎች አሉ።

ሰማዩን የሚያጠቁረው ወፍ ክሬን ነው። ግራጫ ነው፣ አንገቱና እግሩ ረጅም፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚያልፍ። እንቁላሉን የሚጥለው ሩቅ ሰሜን ነው፤ ስካንዲኔቪያና ሩሲያ ረግረጎች ውስጥ። እዚያ ብርዱ ሲመጣ ወደ ደቡብ ይነሳል። ኢስቶኒያ ላይ መከታተያ የታሰረላቸው ክሬኖች ኢትዮጵያ ድረስ መጥተዋል። ጣና ዙሪያ በአሥር ሺዎች ሆነው ይሰበሰባሉ። የኛው የአገር ቤት ክሬንም እዚያው አለ፤ ራሱ ላይ የወርቅ ዘውድ የመሰለ ላባ የደፋው ጥቁሩ።

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ 560 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ወጣን። ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች። የዓባይን በረሃ ሹፌራችን በከባድ ማርሽ፣ ፍሬን ሳያበዛ፣ ቀስ አድርጎ ወረደው። ድልድዩ ጋ ካሜራ አላወጣንም። ጃፓኖች የሠሩትን አዲሱን ድልድይ በዓይናችን ብቻ አይተን አለፍን። ደብረ ማርቆስ በላን። ቡሬ ቡና ጠጣን። ባሕር ዳርን ሳንቆም አልፈን ወረታ ስንገባ መሽቶ ነበር።

የመምህሩ እናት ደጅ ቆመው ነበር የሚጠብቁን። አራታችንንም እኩል አገላብጠው ሳሙን። ዶክተርን «ምነው እንዲህ ከሳሽ?» አሏት፤ ከዚያ በፊት አይተዋት አያውቁም። እጃችንን አስታጥበው መሶቡን አቀረቡ። እንጀራው ነጭ ነው፤ ጤፍና ሩዝ ተቀላቅሎ የተጋገረ። ወጡ የጣና ዓሣ ነው። «ብሉ እንጂ ልጆቼ፣ አፈር ስሆን» እያሉ አንዴ ለአንዱ፣ አንዴ ለሌላው ያጎርሳሉ።

ወፍ ልናነሳ መምጣታችንን ስንነግራቸው ትንሽ አሰብ አደረጉ።

«ወፉማ መች ጠፋ» አሉ። «የጠፋው ውሃው ነው።»

ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም።

በነጋታው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ተነሳን። ክሬን ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው የሚያድረው። ጅብ ወይም ቀበሮ ሲመጣ ውሃው ይንቦጫረቃል፤ ወፉ ይነቃል። ጎህ ሲቀድ ከውሃው ተነስቶ ወደ እርሻ ይበራል፤ የወዳደቀ እህል ሊለቅም። ስለዚህ ፎቶ የሚገኘው በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ይጠነክራል፣ ወፉም ይበተናል።

እማማ ከመውጣታችን በፊት ከረጢቴን ወስደው ሽምብራ ሞሉልኝ። እኔ በመኪና መስኮት ላይ ሆኜ ሳነሳ ሌንሱን የማሳርፈው እህል በሞላው ከረጢት ላይ ነው። ሌንሴ ሩቅ የሚያቀርብ ከባድ ሌንስ ነው፤ ሲግማ 150-600። ትራይፖድ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል፤ ከረጢት ግን የሌንሱን ቅርጽ ይዞ ቁጭ ይላል። ሽምብራ ደግሞ ለኔ ከሩዝ ይሻላል።

ወደ ናበጋ ቀበሌ በሚወስደው መንገድ በኩል ወጥተን ሜዳው ላይ ገባን። ጨለማ ነው። ብርዱ አጥንት ይገባል። መኪናው መብራቱን አጥፍቶ ቀስ እያለ ይሄዳል። ድምፁ መጣ። እንደ ብዙ መለከት፣ ከሩቅ፣ እላይ በላይ። ዶክተር እጄን ጨብጣ «ስማ» አለችኝ። ማንም አልተናገረም።

ፀሐይ ልትወጣ ስትል አየናቸው። አምስት መቶ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ግራጫ ግድግዳ ሠርተው ቆመዋል። ትንሽ ቀረብ እንበል አልን። አንድ መቶ ሜትር ሳንሄድ ግድግዳው ተነሳ። ሁሉም። አንስቼ አየሁት፤ ነጠብጣብ ብቻ ነው።

ደግሞ ተከትለናቸው ሄድን። ይሄ ስህተት ነበር። የፎገራ አፈር ዋልካ ነው። ላዩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ታቹ ግን እርጥብ ነው። የፊት ጎማው ገባ፣ ሹፌራችን ነዳጅ ሲሰጠው የኋላውም ተከተለ። መኪናው በሆዱ ተኛ። ለሁለት ሰዓት ያህል በእጃችን ቆፈርን። ድርቆሽ ከጎማው ሥር ነሰነስን። ንቅንቅ አላለም።

ረፋዱ ላይ አንድ ሽማግሌ በሬዎቻቸውን እየነዱ መጡ። ከልጅ ልጃቸው ጋር ናቸው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። መኪናውን ዞር ዞር ብለው አዩት። አልሳቁብንም፣ አልተቆጡንም። ልጁን ወደ ቤት ልከው ሌላ ጥማድ አስመጡ። አራት በሬ፣ ሁለት ቀንበር፣ አንድ ወፍራም ገመድ። ሽማግሌው የመጀመሪያውን በሬ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን ቦቃ በሬ፣ ጆሮው ሥር የሆነ ነገር አሉት። ጅራፉን አላጮሁትም። በሬዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሳቡ። መኪናው ከጭቃው ሲላቀቅ የወጣው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ገንዘብ ልንሰጣቸው ብንል እምቢ አሉ። «ምን ማለታችሁ ነው? መንገደኛ ናችሁ» አሉ። ወረታ ማለት ለተደረገ ደግ ሥራ የሚመለስ ውለታ ነው። ወረታ በምትባል ከተማ ዳር ወረታ የማይቀበል ሰው ገጠመን።

ልጁ ግን ቆሞ ሌንሴን ያያል። አሳየሁት። በሌንሱ ውስጥ ሩቅ ያሉትን ወፎች ሲያይ ዓይኑ በራ። ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው ዘና ብሎ እንዲህ አለኝ፦

«እናንተን ነው እኮ የሚፈሩት። ከብቱን አይፈሩም። ነገ ከኛ ጋር ና፣ ከላሞቹ ኋላ።»

ስድስት ዓመት ካሜራ ይዤ ዞሬያለሁ። ድንኳን ውስጥ ተደብቄ፣ ቅጠል ለብሼ፣ በሆዴ ተስቤ ወፍ አንስቻለሁ። ከመንጋ ጋር መሄድ ግን አንድም ቀን አልመጣልኝም።

በማግስቱ መኪናውን ከተማ ትተን በእግር ወጣን። ልጁና ሽማግሌው ሃያ የሚሆኑ ከብቶች ይነዳሉ። አራታችንም ጋቢ ለበስን። ልጁ እንዴት መሄድ እንዳለብን አሳየን፦ ቀጥ ብሎ ወደ ወፎቹ መሄድ የለም። ከብት ሣር እየነጨ ግራ ቀኝ እንደሚለው ነው የሚኬደው። ቆም ትላለህ። ትንሽ ትራመዳለህ። ደግሞ ትቆማለህ። በዓይንህም ወፎቹ ላይ አታፈጥም።

እንደዚያ አድርገን አንድ ሰዓት ገደማ ሄድን። ከብት ተከትላ የምትሄደው ነጭ ወፍ ከእግራችን ሥር ነፍሳት ትለቅማለች። ጉሙ ከውሃው ላይ እየተነሳ ነው። ክሬኖቹ መጀመሪያ ጥላ፣ ከዚያ ቅርጽ፣ ከዚያ ወፍ ሆኑ። ስንቆም ርቀቱ ስልሳ ሜትር አይሞላም ነበር። አንዱ ጭንቅላቱ ላይ ያለችውን ቀይ ነጥብ ሳይቀር አየኋት። ዘውድ የደፉት ጥንድ ሆነው ከዳር ቆመዋል፤ አንዱ ክንፉን ዘርግቶ ይዘላል፣ ሌላው አንገቱን ይሰብቃል።

ጉም ሲኖር ካሜራ ይሳሳታል። ነጩ ሲበዛበት ሥዕሉን ያጨልመዋል። ስለዚህ ኤክስፖዠሩን፣ ማለት ብርሃኑን፣ አንድ ስቶፕ ከፍ አደረግኩ። ሹተሩን 1/1600 ሴኮንድ ላይ፣ አይኤስኦውን 1600 ላይ አደረግኩት። ከዚያ ጠበቅኩ። መጀመሪያ ከብቶቹ ከፍሬሙ እስኪወጡ ነበር የምጠብቀው። ወፍ ብቻ፣ ጉም ብቻ፣ ንጹሕ ሥዕል። ቦቃው በሬ ግን ፊቴ ቆሞ አልነቃነቅ አለ።

ፀሐይዋ ከጀርባችን ብቅ ስትል ጉሙ ወርቅ ሆነ። በዚያች ቅጽበት ተነሱ። ማንም አላባረራቸውም፤ ሰዓታቸው ደርሶ ነው። ከዳር ያሉት ጀመሩ፣ መሐሉ ተከተለ፣ ሰማዩ ሞላ። ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። ጣቴን አላነሳሁም። ዶክተር ታለቅሳለች። የሰርግ ቪዲዮ ባለሙያው ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ አንድም አላነሳም። ቤቴ የተሰቀለው ያኔ የተነሳው ነው። በሬው አለበት። አሁን ሳየው እሱ ባይኖርበት ኖሮ ፎቶው የትም ሊነሳ የሚችል ፎቶ ይሆን ነበር።

መምህሩ ግን ወፎቹን እያየ አልነበረም። ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሩዙ ማሳ አዙሮ ቆሟል። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

«እየቆጠርኩ ነው» አለኝ። «ስንት እርምጃ እንደሆነ።»

በእግር ይዞኝ ሄደ። የታጨደ ሩዝ አገዳ እየረገጥን ሄድን፣ ሄድን። አንድ ኪሎ ሜትር የሚሆን ከሄድን በኋላ አንድ የውሃ ቦይ ዳር ቆመ። ሽንኩርት የሚያጠጣ ፓምፕ ይንኳኳል። «እዚህ ጋ ነው» አለኝ። «አባቴ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ይዞኝ የወጣው። አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። ውሃው እዚህ ድረስ ነበር።»

ከዚያ ስለ አምባዛው ዓሣ ነገረኝ። ክረምት ላይ የርብ ወንዝ ይሞላና ሜዳው ላይ ይተኛል። አምባዛ ከጣና ወጥቶ በዚያ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል። ውሃው ሲሸሽ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ወላላና ሸሸር ይቀራሉ። ልጆች ጭቃው ውስጥ እጃቸውን ሰደው አምባዛ ይይዙ ነበር። «ያዳልጣል። ጺሙ እጅህን ሲነካህ ትደነግጣለህ። ያኔ ከለቀቅከው አለቀ።» እጁን ጭቃ ውስጥ እንደከተተ አድርጎ አሳየኝ። እዚያ ደረቅ መሬት ላይ ተንበርክኮ።

ማታ ነገሩን እናቱ አስረዱኝ። ረግረጉን ማን በላው የሚለውን ጥያቄ ይዤ ነበር የተቀመጥኩት። ጠላ ቀዱልኝና ወደ ላይ፣ ወደ ቆርቆሮው አመለከቱ።

«ይሄ ሩዝ ነው» አሉኝ።

ሩዝ ፎገራ የገባው በደርግ ጊዜ ነው፤ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ናቸው የሞከሩት። ገበሬው አብዝቶ የወደደው ዝርያ ኤክስ ጅግና ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከዚያው አካባቢ፣ ከጅግና ነው። ውሃ የሚተኛበት መሬት ድሮ በክረምት ምንም አያበቅልም ነበር። ሩዝ ሲመጣ ያ መሬት እህል ሰጠ። ሩዙ ሲነሳ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ገለባው ለከብት ይሆናል። እማማ ባላቸው ሲሞቱ አምስት ልጆች ነበሯቸው። ሩዝ ሸጠው ነው ያስተማሩት። የኔ ጓደኛ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የተማረው በሩዝ ነው።

ስለ ርብ ወንዝም ጠየቅኳቸው። ግራና ቀኙ አፈር ተከምሮ ተገድቧል፤ እንደ ድሮው ሜዳው ላይ አይፈስም፤ ረግረጎቹም የለመዱትን ውሃ አያገኙም። እማማ ግን ነሐሴ 1998ን ያስታውሳሉ። ያን ክረምት ጎርፉ ፎገራን አጥለቀለቀው። ሕፃን ልጃቸውን ቆጥ ላይ አውጥተው እሳቸው ውሃ ውስጥ ቆመው አደሩ። «ወንዙ ሲታጠር እኔ እልል ነው ያልኩት ልጄ» አሉኝ።

በዚህ ላይ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም አለ። በ2004 ጣና ላይ ታየ። እኛ በሄድንበት ዓመት ከየአገሩ ወጣት እየመጣ በእጁ ይነቅለው ነበር። የነቀልከው ቦታ ክረምት ሲመጣ መልሶ አረንጓዴ ይሆናል።

ያን ሌሊት ብዙ አልተኛሁም። አዲስ አበባ ሆኜ ረግረግ ሲጠፋ ስሰማ ጥፋተኛ እፈልግ ነበር። እዚህ ጥፋተኛው ራቴን ያበላኝ ቆርቆሮ ቤት ሆነ። ክሬኖቹም ቢሆኑ ጠዋት የሚለቅሙት የወዳደቀውን የሩዝና የሽምብራ ፍሬ ነው። ማደሪያቸው ግን ውሃ ነው። እርሻ ቢሞላም ሌሊት የሚቆሙበት ከጉልበት በታች የሆነ ውሃ ካጡ አይመጡም። ይሄን እያሰብኩ ነው የነጋው። ቢያንስ የቀረችው ውሃ እንዳትነካ፣ እዚያው ያለው ሰው የሚስማማበት ድንበር ይሰመርላት። የምፈልገው ይሄንን ነው። የጣና ዙሪያ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ከተመዘገበ ዓመታት አልፈዋል። ድንበሩን ግን ማረሻ የያዘው ሰው ካልተቀበለው ወረቀት ነው።

ስንመለስ እማማ ሽምብራውን ከከረጢቱ አላወጡትም። «ለሽሮ ይሆንሃል» አሉኝ። አዲስ አበባ ስደርስ አስፈጭቼ በላሁት።

በዚያው ዓመት ለፋሲካ ከመምህሩ ጋር ተመልሼ ሄድኩ። ፎቶውን በትልቁ አሳትሜ ነበር። አንዱን ለሽማግሌው፣ አንዱን ለእማማ። ሽማግሌው በሬውን አይተው ብዙ ሳቁ፤ የልጅ ልጃቸው ፎቶውን ጎረቤት ለጎረቤት ይዞት ዞረ።

እማማ ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። መጀመሪያ ያዩት እሳቸውም በሬውን ነው። «ይሄ ቦቃው አይደል?» አሉ። ከዚያ ወፎቹን አዩ። ከዚያ ጉሙን፣ ከጉሙ ሥር የምትታየውን ብርማ የውሃ መስመር። ጣታቸውን ውሃው ላይ አሳረፉና ቀስ እያሉ ወደ ራሳቸው ሳቡት። በከብቶቹ ጀርባ ላይ አለፈ። የፎቶው ጠርዝ ላይ ደረሰ። አላቆሙም። ጣታቸው ከወረቀቱ ወረደ፣ ጠረጴዛው ላይ ሄደ፣ የቡና ስኒው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እዚህ ድረስ ነበር» አሉ።